መውጫ ያለው ሥራ

አዋሽ ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ ይቀራል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ አፋምቦ ወረዳ ላይ፣ ተከታትለው የተኙ ሐይቆች ይቀበሉታል። ጋማሪ ይሞላና ወደ አፋምቦ ሐይቅ ያፈሳል፤ አፋምቦም ለሚቀጥለው ያሳልፋል፤ እንዲህ ሲቀባበሉት ቆይተው የተረፈውን ከጅቡቲ ድንበር ላይ ላለው ለአቤ ሐይቅ ያስረክባሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የወንዙን ዱካ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1934 አቤ ሲደርስ ለአውሮፓ የካርታ ሰዎች ያረጋገጠው ይህንኑ፣ የአውሳ አፋሮች ከአባት ከአያት ጀምሮ የሚያውቁትን ነገር ነበር።

ጋማሪና አፋምቦ ዓሣ የሚጠመድባቸው፣ አዞና ጉማሬ የሚኖርባቸው ጨው አልባ ሐይቆች ናቸው። አቤ ግን ጨው ነው። የሚመጣላቸው ውሃ ያው የአዋሽ ውሃ ነው። ልዩነቱ የላይኞቹ መውጫ ያላቸው መሆኑ ላይ ነው። ወደ እነሱ የገባው ጨው ከውሃው ጋር ያልፋል፤ አቤ የገባው ግን ውሃው ሲተን እዚያው ይቀራል፣ ዓመት በዓመት ላይ ይደረባል።

በአፋር ምድር የሰው እጅ የሠራውን ነገር ስመለከት መለኪያዬን የወሰድኩት ከእነዚህ ሐይቆች ነው። ሠሪው ነገሩ በየት እንደሚገባ ብቻ ነው ያሰበው ወይስ በየት እንደሚወጣም? ሙቀቱ በየት ይወጣል? ጎርፉ በየት ያልፋል? ጨውስ? አየሩ ከዓመት ዓመት ጠባዩን እየለዋወጠ ባለበት በዚህ ዘመን ስለ እርሻና ስለ ከብት ርባታ ብዙ ይጻፋል፤ ዘርና ማዳበሪያ፣ ግድብና ፓምፕ ይዘረዘራል። የእጅ ሥራ ጥራት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ የማምነው፣ አንድ መላ ድርቅና ጎርፍ ሲፈራረቁበት የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ከሐሳቡ ይልቅ በአሠራሩ ነው።

አፋር ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው። ዋናው ከርማ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይጠበቃል። ሱጉም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ያረጥባል። ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ዳዳ የሚሉት የጥቂት ቀን ዝናብ አለ። ሐጋይ ሙቀቱ የሚያይልበት ደረቅ ጊዜ ነው። አፋምቦ አካባቢ በዓመት የሚወርደው ሁሉ ተደምሮ 200 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ያም ቢሆን በጊዜው አይመጣም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ ከርማው ቀርቶ ከብቱ በየሜዳው አለቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ አዋሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አፋምቦንና አይሳኢታን አጥለቀለቀ፣ በክልሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። አንድ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው ሁለቱንም ያያል ማለት ነው።

እንዲህ ባለ አገር የአርብቶ አደር ዋናው የእርሻ መሣሪያ መንቀሳቀስ ነው። ከመንቀሳቀሱ በፊት ኤዶ የሚሉት የግጦሽ ቅኝት አለ፤ ሰው ይላካል፣ የሣሩን ሁኔታ፣ የውሃውን ርቀት፣ የበሽታውን ወሬ፣ የጎረቤት ጎሣን ፊት አይቶ ይመለሳል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት አፋሮች ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚለዋወጡት ዳጉ የሚባለው ወሬም ይህንኑ ቅኝት ይሞላዋል። ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ ግን ሥራው ወደ ሴቶቹ እጅ ይገባል። ቤቱን የምትነቅለው፣ የምትጭነውና ደርሳ የምትተክለው እሷ ናትና።

ዳቦይታ የሚባለው ይህ ቤት ከሩቅ ሲታይ የተደፋ ቅርጫት ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን በጥንቃቄ የታሰበ ሥራ መሆኑ ይገለጣል። አጥንቱ እርጥብ ሳሉ ተለምጠው የደረቁ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው፤ አንዱ ጫፍ መሬት ይነከርና ከወዲያ ማዶ ከተነከረው ጋር አናት ላይ ይታሰራል። ማሰሪያው ገመድ ነው። ምስማር የሚባል ነገር የለውም። ምስማር የገባበት እንጨት ሲነቀል ይሰነጠቃል፣ በሚቀጥለው ሰፈር አይጠቅምም፤ የታሰረ እንጨት ግን ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። ቅስቶቹን በአግድም የሚያያይዙ ሌሎች እንጨቶች አሉ። የሚያያዙበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ታች፣ ነፋስ በሚገፋበት በኩል፣ እስሩ ጠበቅ ይላል፤ ወደ አናቱ ላላ ያለ ነው። በሜዳው ላይ የሚነሳው አዋራ የጫነ ነፋስ ሲመታው ቤቱ ይለመጣል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ይመለሳል። ጀርባው ክብ ስለሆነ ነፋሱ የሚይዘው ማዕዘን አያገኝም፤ ተንሸራቶ ያልፋል።

በዚህ አጥንት ላይ ሰሌኑ ይለብሳል። ብዙ ልቆይበት የምፈልገው ሰሌኑ ላይ ነው።

የሚሠራው ከዶም ዘንባባ ቅጠል ነው። ዶም ከሌላው ዘንባባ የሚለይበት ምልክቱ ግንዱ ለሁለት፣ ከዚያም እንደገና ለሁለት እየተከፈለ መሄዱ ነው፤ ሥሩ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ በሚደርስበት ቦታ፣ በአዋሽ ዳርና በአውሳ ሜዳ ይበቅላል። ሴቷ የምትመርጠው ገና ያልተዘረጋውን፣ እንደ ታጠፈ የቆመውን ለጋ ቅጠል ነው። የተዘረጋ ቅጠል ፀሐይ መትቶታል፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። ለጋው ይቆረጥና ይደርቃል፣ ከዚያ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ስንጣቂው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ጉንጉኑ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፤ ስህተቱ በመጀመሪያው ክንድ ላይ አይታይም፣ ወርዱ ሲጨምር ግን ሰሌኑ መሬት ላይ አልተኛም ይላል። ስለዚህ የጎበዝ ሠሪ እጅ የሚታወቀው ከመጎንጎኑ በፊት፣ ስንጣቂው ላይ ነው።

ስንጣቂው በውሃ ይርሳል፤ ከዚያ ረጅም ሪባን እየሆነ ይጎነጎናል። ቤት ተቀምጣም፣ ከብት እየጠበቀችም፣ ወሬ እያወራችም ጣቷ አያርፍም። አንዱ ስንጣቂ ሲያልቅ ሌላው ይቀጠላል። ጥሩ ሰሌን ገልብጣችሁ ስታዩ ቅጥያው ሁሉ በአንድ ገጽ፣ በውስጥ በኩል ተሸሽጎ ታገኙታላችሁ፤ ፊቱ ላይ አንድም ጫፍ ብቅ አይልም። ይህ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ብቅ ያለ ጫፍ ከግመሉ ጀርባ ጋር ሲፋተግ ይመዘዛል፣ አንዱ ከተመዘዘ ጎረቤቱ ይላላል። ሪባኖቹ ሲበቁ ጎን ለጎን ተደርገው በወስፌ ይሰፋሉ። ስፌቱ የአንዱን ጠርዝ ዘለበት በሌላው ጠርዝ ዘለበት ውስጥ ስለሚያስገባው በሁለቱ መካከል መስመር ፈልጎ ማግኘት ዓይን ይጠይቃል።

አሁን ወደ መውጫው ልመለስ። ለቤት የሚሆነው ሰሌን ሆን ተብሎ ላላ ተደርጎ የተጎነጎነ ነው። ቀን ሲደርቅ ስንጣቂው ይኮማተርና በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ ውስጥ ሆኖ ቀና የሚል ሰው ብርሃን በነጥብ በነጥብ ሲገባ ያያል። በዚያ ክፍተት የውስጡ ሙቀት ይወጣል፣ የእሳቱ ጢስም ይወጣል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ቅጠሉ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል። ሰሌኖቹ ከታች ወደ ላይ እየተደራረቡ ስለሚታሰሩ ውሃው የላይኛውን ተከትሎ በታችኛው ጀርባ ላይ ይወርዳል። ሐጋይ ላይ የግርጌው ሰሌን ይጠቀለልና ነፋስ በመሬት ደረጃ ይገባል። ለሁሉም የአየር ጠባይ የሚሆን ምላሽ በአንድ ቁራጭ ሰሌን ላይ ተሠርቶ አለቀ።

ይህችው ሴት፣ ከዚያው ዘንባባ፣ የወተት ዕቃም ትሠራለች። እዚህ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። ስንጣቂው ይቀጥናል፣ ጉንጉኑ ይጠብቃል፣ እያንዳንዱ ዙር ከስሩ ያለውን እስኪነክስ ይጎተታል። ተሠርቶ ሲያልቅ በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። 40 ዲግሪ በሚዘልቅ ሙቀት ማቀዝቀዣ በሌለበት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ድርቅ ላይ የቤተሰቡ ምግብ የግመል ወተት ነውና። አንድ እጅ በአንድ ቅጠል አየር የሚያስወጣ ግድግዳና ፈሳሽ የማያስወጣ ዕቃ ይሠራል። ልዩነቱን የሚያመጣው ጣት የሚጎትትበት ኃይል ነው። ይህን ያህል የጠራ ዕውቀት በየትኛውም ሙያ ቢገኝ የሚከበር ነው፤ ሴቶች ሜዳ ላይ ተቀምጠው ስለሚሠሩት የቤት ሥራ ተብሎ መታለፉ ያሳዝነኛል።

ሲነሱ ቤቱ ከጎህ በፊት ይፈርሳል። ቅስት እንጨቶቹ በግመሉ ግራና ቀኝ ሲታሰሩ ጉብጠታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጭነቱን ያቅፋሉ፤ ሰሌኖቹ ተጣጥፈው ጀርባው ላይ ይውላሉ። የሰፈሩ ቦታ ላይ የሚቀረው አመድና ጥቂት ድንጋይ ነው። ሸክሙ የሴቷ መሆኑን፣ ውሃ የምትቀዳውም፣ ልጅ የምትይዘውም እሷ መሆኗን ሳልናገር ሥራውን ብቻ ማወደስ አልወድም። ሥራው ከባድ ነው፤ ድካሙን የሚያቀልላት ነገር ሲመጣ ብትቀበለው መብቷ ነው። ችግሩ የሚመጣላት ነገር ብዙ ጊዜ ከነበራት ያነሰ መሆኑ ላይ ነው። ላስቲክና ሸራ ሰሌኑን ተክቶ በየቦታው ይታያል፤ ላስቲክ አይተነፍስም፣ በሁለት ዓመት ፀሐይ ይበጣጠሳል። ቆርቆሮውም ከዚያ የተሻለ አይደለም። ሐጋይ ላይ እኩለ ቀን ሰመራ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሰሌን ምን እንደሚሠራ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፣ የግንብ ቤት ተሰነጣጥቆ ሰው በገፍ ሲወጣ አይተናል። የመሬት መንቀጥቀጥ ከአየር ንብረት ጋር አይያያዝም፤ ሆኖም በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ሰው እንጨትና ሰሌን የሆነ ቤት ቢወድቅበት እንኳ ሕይወቱን እንደማያሳጣው ሳስብ፣ የዳቦይታ ጥበብ ከዝናብና ከፀሐይም አልፎ የሄደ መሆኑ ይታየኛል።

መውጫ ያልታሰበለት ሥራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ፣ ወደ መካከለኛው አዋሽ ይሂድ። ቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ የወንዙ ፍሰት ከተገራ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሸለቆውን ለሰፋፊ እርሻ አሰናዳው። በታችኛው አዋሽ ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ አለማ፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም የአፋር ገበሬዎችን ወደ ጥጥ አስገቡ። በመካከለኛው አዋሽ መልካ ሰዲና አሚባራ ላይ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው በሜዳው ላይ ተለቀቀ። ቦዮቹ ውሃውን አምጥተው አዳረሱት፤ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት የምድር ውስጥ ማፋሰሻ ግን መጀመሪያውኑ አብሮ አልተዘረጋም። በዚያው አካባቢ፣ ወረር ላይ፣ በዓመት የሚዘንበው 560 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የሚተነው ከ2500 ይበልጣል። እርሻው ከሚጠጣው የተረፈው ውሃ ወደ ታች ሰረገ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ እየተነሳ እየተነሳ ከሥሩ ደረሰ፤ ከዚያ ፀሐይ ሳበችው፣ ጨዉን መሬቱ ፊት ላይ ትታ ውሃውን ወሰደች። ጥጥ የነበረበት ማሳ ነጣ። ሰው ጥሎት ሲሄድ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ወረሰው።

በአቤ ሐይቅ ላይ ተፈጥሮ የሠራችው ነገር እዚያ በቦይና በትራክተር ተደገመ። በኋላ ማፋሰሻ ቱቦ በከፊል ተቀበረ፣ ሙከራውም ውጤት አሳየ፤ ግን ቀድሞ ቢሠራ ከሚያስወጣው እጅግ በበለጠ ወጪና ድካም ነው። ወረር የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ዛሬ ጨው የሚችሉ የመኖ ሣሮችን፣ እንደ ሮደስ ያሉትን፣ በዚህ በነጣው መሬት ላይ ይሞክራል፤ ሙቀት የሚችሉ የስንዴ ዝርያዎችንም አውጥቷል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዋሽ ሸለቆ በስፋት የተዘራው የመስኖ ስንዴ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ቅዝቃዜው በሚገኝበት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድጎ ሙቀቱ ሳይበረታ ይታጨዳል። ደስ ይለኛል። ግን ስንዴ ጥጥ ከሚያስፈልገው ያላነሰ ማፋሰሻ ያስፈልገዋል። የአዲሱን ማሳ ፎቶግራፍ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ዛላውን ሳይሆን ትርፉ ውሃ የሚሄድበትን ቦይ ነው።

መውጫውን ከመሠረቱ አስቦ የተነሳ ሥራ ግን እዚያው አፋር ውስጥ፣ ወደ ጭፍራ በኩል አለ። ጭፍራ ከወሎ ተራሮች ግርጌ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ በደረቁ የወንዝ ሸለቆ ደርሶ ይገለብጣል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ያጓራና ይጠፋል። በየዓመቱ አልጋውን እያጠለቀ ስለሚሄድ ግራና ቀኙ ያለው ሜዳ ጎርፉን ያየዋል እንጂ አይጠጣውም። ሣሩ በዚያ ምክንያት ጠፋ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቡርኪና ፋሶ፣ በኒጀርና በቻድ ለተመሳሳይ ሸለቆ የተፈተነ ውሃ አሰራጭ ግንብ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በጀርመኖች የልማት ትብብርና በክልሉ መንግሥት አማካይነት ወደ ጭፍራና ወደ ሌሎች የአፋር ወረዳዎች መጣ።

ግንቡ ግድብ አይደለም፤ ውሃ አያቁርም። ከሸለቆው ወዲህ ጫፍ እስከ ወዲያ ጫፍ፣ አንዳንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርቀት፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የድንጋይ አጥር ነው ቢባል ይቀላል። መሐሉ፣ ወንዙ አልጋ ላይ፣ ማሳለፊያ አለ። ማሳለፊያውን ከግራና ከቀኝ ከፍ ያሉ ወፋፍራም ትከሻዎች ይይዙታል። ከትከሻዎቹ ወደ ሜዳው የሚዘረጉት ክንፎች ደግሞ ከመሬት በጉልበት ቁመት ብቻ ከፍ ያሉ ናቸው። ትንሽ ጎርፍ ሲመጣ በማሳለፊያው ብቻ ይሄዳል። መካከለኛ ሲሆን ማሳለፊያው ይሞላና ውሃው ወደ ጎን ተገፍቶ ሜዳው ላይ ይወጣል። ታላቁ ጎርፍ ሲመጣ በክንፎቹ አናት ላይ፣ በጠቅላላው ርዝመት፣ ስስ ሆኖ ይፈስሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ አልጋው ይመለሳል፣ እዚያም ቀጣዩ ግንብ ይጠብቀዋል። እየተሰራጨ ፍጥነቱ ሲቀንስ የያዘውን ደለል ይጥላል፣ መሬቱም ይጠጣል። ብቻውን የቆመ ግንብ ብዙ አይሠራም፤ የሚሠሩት ተከታትለው ነው፣ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው እየተቀበለ።

የግንበኛው ችሎታ የሚፈተነው አናቱ ላይ ነው። የክንፉ አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውሃ ልክ መሆን አለበት። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያለች አንዲት ቦታ ካለች ጎርፉ ያገኛታል፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ የጎርፉ ኃይል በሙሉ በእሷ በኩል ይሄዳል፣ ከሥሯ አፈሩን ይቦረቡራል፣ በአንድ ከርማ ግንቡን ይቆርጠዋል። መቶ ሜትር ሲባጎ ወጥሮ ልክ ማግኘት አይቻልም፣ ሲባጎው መሐሉ ላይ ይረግባል። ስለዚህ በአጭር በአጭር እየለካ፣ እየመለሰ ያረጋግጣል። አናቱን ዘጋሁ ብሎ ከመሄዱ በፊት ከመጀመሪያው ምልክት ጋር ደግሞ የሚያገናዝብ ግንበኛ ነው ከርማውን የሚሻገር ሥራ የሚተወው።

ፊቱን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ድንጋዩ እዚያው ከአካባቢው የተለቀመ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መዶሻ የነካው እንዲቀመጥ ብቻ ያህል ነው። ሰፊው ሆድ ወደ ታች ተኝቷል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አልዋለም፤ የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን የሁለት ድንጋይ ስንጥቅ ረግጦ ይቀመጣል። በየተወሰነው ርቀት ከዚህ ፊት እስከዚያ ፊት የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ገብቷል፤ እሱ ባይኖር ሁለቱ ፊቶች ተለያይተው የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ግንቦች ይሆኑ ነበር። መሐሉ በደቃቅ ድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልቷል፣ ባዶ ኪስ አልቀረም። በአፋር ፀሐይ ሲሚንቶ ሳይጠነክር ይደርቃል፤ ስለዚህ የተሠራውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ለቀናት ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ውሃ በበርሜል ከሩቅ በሚመጣበት ቦታ ለግንብ ማጠጣት ልብ ይጠይቃል። የሰነፍ ሥራ የሚለየው እዚህ ነው። ጥፍር ሲጫነው የሚፈርስ መገጣጠሚያ ውሃ የተነፈገ ነው።

ከማሳለፊያው ጀርባ፣ ውሃው በሚወድቅበት፣ ትላልቅ ድንጋይ የተነጠፈበት ወለል አለ። ወራጁ ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚያ ነው። የክንፉ ጫፍም ዝም ብሎ አያልቅም፤ ወደ መሬቱ ጠልቆ ይቀበራል፣ ካልሆነ ጎርፉ ዞሮት ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ ፎቶግራፍ ላይ የማይወጡ፣ የምረቃ ሪባን የማይቆረጥላቸው ክፍሎች ናቸው፤ የግንቡ ዕድሜ የተንጠለጠለው ግን በእነሱ ነው።

መሬቱ የጎሣ ነው። የግንቡ ቦታ ሲመረጥ የጎሣ ሽማግሌዎች ሳይስማሙ ድንጋይ አይነሳም፤ የላይኛው ሰው ያስቀረው ውሃ ለታችኛው አይደርስምና። በውሃው በረጠበው ሜዳ ላይ ሣር ይመለሳል፤ በቆሎና ማሽላ የዘሩም አሉ። ሣሩ ከእህሉ ይልቅ ለአፋር የሚበጅ ይመስለኛል፤ ሐጋይ ላይ የታጨደ ድርቆሽ ያለው ቤት ጥጃውንና ግልገሉን ያተርፋል፣ ኤዶ የተላከው ሰው እስኪመለስም ጊዜ ይገዛል። መንቀሳቀሱን የሚያስቀር ሳይሆን የሚያግዝ ሥራ ሆኖ ሳየው ነው ሙሉ በሙሉ የምወደው።

ያልተሳካለትም አለ። ክንፉ ተቆርጦ የቀረ፣ ማንም ያልጠገነው ግንብ ሜዳውን ከቀድሞው ይልቅ ሊቦረቡረው ይችላል። የረጠበውን ደለል ከሣሩ እኩል ፕሮሶፒስም ይወደዋል፤ ዘሩን ከብትና ጎርፍ ያመጡታል። በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደወረሰ የሚገመተው ይህ እሾህ ግንብ ባለበት ቦታ በየዓመቱ በለጋነቱ ካልተነቀለ የሰው ልፋት ለእሱ ይሆናል። ጥገና የሥራው ክፍል ነው። አንድ ድንጋይ ስትነቃነቅ በዚያው ሳምንት የሚመልሳት፣ በአካባቢው የሠለጠነ ግንበኛ ከነመሣሪያውና ከነሲሚንቶው ሊኖር ይገባል። በጀት ሲያዝ አዲስ የሚገነባው ብቻ ከተቆጠረ፣ ከጥቂት ከርማ በኋላ የሚቀረው ክምር ድንጋይ ነው።

ዳቦይታውም ያው ጥገና አለው፤ ያረጀው ሰሌን ወደ ግርጌ ይወርዳል፣ አዲሱ አናት ላይ ይወጣል። አዲሱን ለመጎንጎን ግን ዘንባባው መኖር አለበት። ለጋ ቅጠል የምትቆርጥ ሴት ልቡን ትታ ከቆረጠች ዛፉ ይቀጥላል። ለመጠጥ ሲባል አናቱ ተቆርጦ የሚንጠባጠበው ዶም ግን ብዙ ጊዜ ይደርቃል። እሳቱም፣ ለእርሻ የሚደረገው ምንጠራም፣ ፕሮሶፒሱም በወንዙ ዳር ያለውን ዘንባባ ከየአቅጣጫው ያጣብቡታል። በክረምት ችግኝ ወደ አፋምቦ ሲላክ ከማንጎና ከኒም ጋር ዶምም ቢቆጠር፣ በአይሳኢታ ገበያ የሚሸጠውን ሰሌን የሚሠሩት ሴቶችም የሚቆረጥበትንና የማይቆረጥበትን ቦታ ራሳቸው እንዲወስኑ ሥልጣን ቢሰጣቸው እላለሁ። ዘሩ ከወንዙ ዳር ይለቀማል፤ ዛፉ ግን ለሰሌን የሚሆን ቅጠል እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል፣ የሚተከለውም አሁን ያሉት ሠሪዎች በሕይወት ሳሉ ለሴት ልጆቻቸው ስንጣቂውን ማሳየት በሚችሉበት ጊዜ መሆን አለበት።